ስድስተኛዋ ከተማ

ከስንተኛ ጀምሮ ነው ሰው የሚዋረደው? ሁለተኛ መሆን አያስከፋም፤ ሁለተኛ የወጣ ልጅ ይሸለማል። ሦስተኛም ነሐስ አለው። አራተኛ እንግዲህ በዝምታ ይታለፋል። ስድስተኛ ላይ ሲደርስ ግን ሽማግሌ ይላካል። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የማውቀው ከባሌ ሮቤ ድረስ በአውቶቡስ ተጉዘው የመጡ አንድ አዛውንት ደጄ ላይ ቆመው «ስድስተኛ ያደረጉን ምን በድለንዎት ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው እንዳጣሁ ብቻ ነው።

ከመነሻው ልጀምር፤ ከመካከል ከጀመርኩ ጥፋቱ ሁሉ የአዛውንቱ ይመስላል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ትምህርቱን እንደ አዲስ ጫማ ነው የሚጠነቀቅለት፤ ጭቃ አያስነካውም፣ ተቀምጦም እግሩን ያያል። የማቀዝቀዣ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነብባለሁ፤ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ገጽ እንኳ ሳላየው አላልፍም። የሰርግ ጥሪ ሲደርሰኝ ስሕተቱን በእርሳስ አርሜ ነው የማስቀምጠው። አንድ ጊዜ ሙሽራው ራሱ ቤቴ መጥቶ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል።

የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የምኖረው ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጥግ ነው፤ ብቻዬን፣ በአንዲት አሮጌ ቤት። በመስኮቴ መጽሐፍ ስለሚታይ ሰፈሩ «እሷ የማታውቀው የለም» ብሎ ደምድሟል። የመድኃኒት ወረቀት ያመጡልኛል፤ የመብራት ቢል ያመጡልኛል። አንድ ሰውዬማ የጉልበቱን ራጅ አምጥቶ መስኮቴ ላይ ለጥፎ «እስቲ ያንብቡልኝ» አለኝ። አየሁት፤ አየሁትና «ጉልበት ነው» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። በሰፈሩ ዘንድ ዕውቀቴ የጸናው እንዲህ እንዲህ ባለው ነው።

ከአጥሬ ማዶ አቶ ገመቹ አሉ። አባታቸው እዚሁ ተራራው ሥር ገብስ ያርሱ ነበር፤ እርሻው ቤት ሲሆን እሳቸው አይሱዙ ይዘው አገር ላገር ጭነት መንዳት ጀመሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቄ መገናኛ ልብስ ይሸጣሉ። ትልቋ ልጃቸው ቦንቱ ናት፤ የዚህ ሁሉ ነገር ባለቤት።

ቦንቱ ነገር መመርመር ትወዳለች። እንጦጦ ላይ መብረቅ ብልጭ ሲል ሌላው ሰው ያማትባል፤ እሷ ትቆጥራለች። ነጎድጓዱ ሲሰማ «ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ነው፤ ወደኛም አይመጣም፤ ልብሱን አታስገቢው» ትላለች፤ እናቷም ልብሱን አያስገቡም። ሬዲዮዬን ፈትታ ስትገጥመው ብሎን ተረፋት፤ «ትርፍ ነበር እትዬ» አለችኝ። እውነትም ሬዲዮው ከድሮው ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቤቴ ያሉትን ስለ ሰማይ የተጻፉ መጻሕፍት ሁሉ አንብባ ጨርሳለች። ሁለት ናቸው። የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ፊዚክስ ተምራ ኮከብ ማጥናት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። ነጥቧ ግን መሀል ቤት የቆመ ነጥብ ነው፤ አዲስ አበባን በእርግጠኝነት አያስገባም፣ ከየትም አያስቀርም። እንዲህ ያለው ነጥብ ከወደቀ ነጥብ ይልቅ እንቅልፍ ይነሳል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላው በቅደም ተከተል ነው፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ መመለስ የለም። ምርጫው በደንብ ከተሞላ ቦንቱ ሰማይ ታጠናለች፤ ካልተሞላ የደረሳትን ታጠናለች።

አቶ ገመቹ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና «እትዬ፣ የልጅቷን ነገር ለእርስዎ ሰጥቻለሁ» አሉኝ።

«እኔ'ኮ ዲግሪዬን በርቀት ነው የተማርኩት» አልኳቸው። «ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባሁት የምረቃ ዕለት ነው፤ እሱንም በሩ ጠፍቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ከርቀት አይደል እንዴ ጥሩ የሚታየው?» አሉኝ። ሹፌር ናቸው፤ ይህን ያውቃሉ።

እኔም እንደ ልማዴ መመሪያ ፍለጋ ገባሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ስለ ዩኒቨርሲቲ አመራረጥ የተጻፈ ምክር አገኘሁ። ዝርዝርህን በሦስት ክፈለው ይላል። አንደኛው ሕልም ነው፤ ቢገኝ የሚያስፈነድቅ፣ ባይገኝ የማይገርም። ሁለተኛው ልክ ነው፤ ከነጥቡ ጋር የሚመጣጠን። ሦስተኛው ዋስትና ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር የማይቀር። ሦስቱ ሲመጣጠኑ ዝርዝሩ ሚዛን ጠበቀ ይባላል። አንብቤ ስጨርስ ገረመኝ፤ የሰፈራችን እናቶች ያለ ኮምፒውተር ስንት ዘመን የሠሩበት ዘዴ ነው። ለልጃቸው ባል ሲያስቡ ሕልሙ ዶክተር ነው፤ ልኩ መምህር ነው፤ ዋስትናው ያ እታች መንገድ ዳር ጎማ የሚነፋው የጎረቤት ልጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገባት ጎማ የሚነፋው ነው። ደግሞም ደኅና ይኖራሉ።

በማስመሪያ ሦስት ቤት ሠራሁ። ከሕልም አዲስ አበባንና ጅማን፣ ከልክ ሐዋሳንና አርባ ምንጭን፣ ከዋስትና ዲላንና ሮቤን ጻፍኩ። ከነዚህ በታች ሌሎች ከተሞችም ነበሩ፤ እዚያ ግን አቶ ገመቹ ዘመድ ስለሌላቸው ተከፍቶ የመጣ የለም።

የቀረኝ ማጣራት ነበር። ስለ ላቦራቶሪ በየድረ ገጹ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም ዘመናዊ ነው፤ ሁሉም ጋ ነጭ ጋውን የለበሰች አንዲት ልጅ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብላለች። ኮከብ በማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ በንጹሕ ወረቀት ላይ ጥያቄ አዘጋጀሁና «የቦታውን ሰው መጠየቅ ይሻላል» አልኩ። መከራው ሁሉ የተወለደው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

አቶ ገመቹ በየከተማው ወይ ዘመድ፣ ወይ አበልጅ፣ ወይ መንገድ ላይ ጎማ ያዋሱት ሰው አላቸው። የመጀመሪያው ስልክ ጅማ ለአክስታቸው ለአዴ ዘይነባ ተደወለ። ሰላምታው ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጀ፤ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ሆኖ የሰው፣ የከብትና የዝናብ ጤና ተጠየቀ። ከዚያ አቶ ገመቹ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቴን አነበቡ።

«የፊዚክስ ላቦራቶሪው በሳምንት ስንት ቀን ለተማሪ ክፍት ነው?»

አዴ ዘይነባ ጥያቄውን በጥያቄ መለሱ። «ቦንቱ ናት የምትመጣው?»

«አይ፣ መጠየቃችን ነው። ላቦራቶሪው . . .»

«አልጋ አለ በላት። የፋጡማ አልጋ፣ ካገባች ወዲህ ማንም አልተኛበትም።»

«አክስቴ፣ የላቦራቶሪውን ነገር . . .»

«እሱንም እናጸዳዋለን።»

ሌሎቹም ስልኮች ከዚህ የተለየ አልነበራቸውም። ሐዋሳ «ፍራሽ እንግዛ ወይስ ይዛ ትመጣለች?» አለች። አርባ ምንጭ «የሚቀበላት ሰው መናኸሪያ ይቆማል» አለች። ሮቤ ያሉት የእናታቸው ወንድም፣ ኦቦ ቱሉ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰሙትም፤ ለሰው ሊነግሩ ስልኩን ሳይዘጉ ወጡ፤ እኛም ዶሮ ስናዳምጥ ቆየን።

እኔ የማቀዝቀዣ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር የማነብ ሴት፣ የገዛ አገሬን ወግ ሳላነብ ቀርቼ ነበር። እኛ ዘንድ ልጅ ያለው ሰው ለዘመዱ ደውሎ «እናንተ ጋ ውኃ አለ ወይ?» ካለ ጥያቄ አይደለም፤ ልጄ መጣችላችሁ ማለት ነው። «የለም» የሚል ዘመድ የለም። ወንዝ ቢደርቅ እንኳ ይቀዳልሻል ይላል። እንዲህ ሆኖ ያቺ አንዲት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለአምስት ከተማ ተሰጠች።

ይህም ባልከፋ። አቶ ገመቹ ግን ዝርዝሬን በስልካቸው ፎቶ አንስተው በቤተ ዘመድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቁት።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ሐሳብ እንዲሰጡበት ነዋ። ማማከር ጥሩ ነው ብለውኝ የለም?»

በማስመሪያ የተሠራ፣ ቁጥር ያለው ዝርዝር ነው። ማንም ዘመድ «ሕልም» እና «ልክ» የሚለውን አላነበበም፤ ሁሉም በቀጥታ የሄደው ወደ ቁጥሩ ነው። ፊዚክስ ብዬ የደረደርኩትን እነሱ ዘመድ አድርገው አነበቡት፤ ማን ይወደዳል፣ ማን ይናቃል፣ በአቶ ገመቹ ሰርግ ጊዜ በሬ ያመጣው ስንተኛ ተቀመጠ። ጅማ በልብ ምልክት መለሰች። ሐዋሳ አውራ ጣት ላከች። ሮቤ አየችው፤ አየችውና ዝም አለች።

የሮቤን ዝምታ የተረዳሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በሬ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ጋቢ ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። መካከለኛው ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ ከአውቶቡስ እንደወረዱ። ሁለቱን ከየካ ሚካኤል ደጅ ነው ለምነው ያመጧቸው፤ ሽማግሌ ያለ አጃቢ አይሆንም። እግራቸው ሥር አንድ ኩንታል ስንዴ ተቀምጧል።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቀኝ በኩል ያሉት።

«ታዲያ ምነው ወደ እኔ? አቶ ገመቹ እኮ እዚህ ማዶ ናቸው።»

«ገመቹማ ዝርዝሩ የእትዬ ነው አለን» አሉ ኦቦ ቱሉ። ያንን የነገርኳችሁን ጥያቄ የጠየቁኝም ያኔ ነው። ቀጥለውም «ከፍ እንዲያደርጉን ነው የመጣነው፤ ቃልዎን ይስጡን» ብለው ጎንበስ አሉ።

እዚህ ላይ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ያየውን ማሰብ ነው። ብቻዋን የምትኖር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፤ በሯ ላይ ሦስት ሽማግሌ፤ አንድ ኩንታል ስንዴ፤ «ቃልዎን ይስጡን»። እኔ ገና ስለ ላቦራቶሪ ሳስብ ሰፈሩ ድሮኝ ጨርሷል። ቀትር ላይ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቋ ዳቦውን በሁለት ፌስታል ጠቀለለችልኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ።»

«በምኑ?»

«አይደብቁን እንጂ። ሰውየው የስንዴ ማሳ አላቸው አሉ። ዕድሜያቸው ትንሽ ገፋ ብሏል፤ እርስዎስ ቢሆኑ ምን ቀረዎት?»

ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ እንደመጡ አስረዳኋት። ራሷን በትዕግሥት ነቀነቀች፤ ዓይናፋርነቴን እያደነቀች።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። በመጨረሻ ተቀመጡ፤ ቃል ሰጥቼ ሳይሆን ኦቦ ቱሉ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ነው። እኔም እውነቱን በሥርዓት ማስረዳት ይሻላል ብዬ ዝርዝሬን አወጣሁና ስድስተኛ የሆኑበትን ምክንያት አነበብኩላቸው። ሰው ተበድያለሁ ብሎ ሲመጣ በደሉን በነጥብ በነጥብ ማንበብ የእኔ ዓይነት ሴት ብቻ የምትሠራው ነገር ነው።

«አንደኛ፣ ብርዱ።»

«እውነት ነው» አሉ ኦቦ ቱሉ፤ «ብርድ አለ።»

«ሁለተኛ፣ ርቀቱ።»

«ሩቅ ነው። ወገቤ ይመሰክራል።»

«ሦስተኛ፣ ስለ ላቦራቶሪው የተጣራ ነገር የለም።»

«እሱን አላውቅም፤ ምን እንደሆነም አላውቅ።» ቀና ሰው ናቸውና ያልተከሰሱበትን መናዘዝ ጀመሩ። «እንዲያውም ያልጻፉት አለ። ቅዳሜና እሑድ እኔ ጋ ነው የምታርፈው፤ የእኔ ቤት ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ መብራት ገና አልደረሰንም። ከመሸ ልጅ የሚያጫውት ነገር የለም። እጅዎን ቢዘረጉ አያዩትም። ኮከብ ብቻ ነው።»

ቦንቱ ጥግ ላይ ሬዲዮዬን ዳግመኛ ፈትታ ተቀምጣ ነበር። ብሎን መፍቻው እጇ ላይ ቆመ።

«ኦቦ፣ ጨለማው ምን ያህል ነው?»

«ጨለማ ነዋ ልጄ፤ እንደ ጨለማ።»

«ጨረቃ በሌለችበትስ?»

«ጨረቃ በሌለችበትማ አህያዋን በእጄ ዳስሼ ነው የማስገባት።»

«ኮከቡ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ ይታያል? ዝቅ ብሎ?»

«አልቆጠርኩትም እንጂ ሞልቷል። እኔ የምቆጥረው በግ ነው።»

«እንዴት ደስ ይላል» አለች፤ ቀስ ብላ። ግራ በኩል ያሉት ሽማግሌ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ልጅቷ ጤነኛ ናት?» አሉኝ።

ሮቤ ሽማግሌ መላኳ ጅማ እስኪሰማ ጊዜ አልፈጀም። በማግስቱ አዴ ዘይነባ ማር በጆግ ይዘው፣ ሁለተኛነታቸውን ሊያስከብሩ መጡ። ሐዋሳም ራሷ ባትመጣ ፍራሹን በአውቶቡስ ላከች። አዴ ዘይነባ ከኦቦ ቱሉ ጋር አቶ ገመቹ ግቢ ሲገናኙ ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ከሰላምታው በኋላ ያለው ግን አጭር ነበር።

«ቱሉ፣ ሽማግሌ ልከህ ነው አሉ የምትወጣው? እኛ ሳንለምን ነው ሁለተኛ የሆንነው።»

«ሳትለምኑ ከሆነ ማሩ ምንድን ነው?»

«ማሩ ለልጅቷ ነው።»

«ስንዴውም ለልጅቷ ነው። ስንዴ ደግሞ እንደ ማር አያጣብቅም።»

እኔ ለማስታረቅ ሞከርኩ። ሁሉም እኩል ይሁኑ አልኩ፤ ምርጫው የሚሞላበት ሲስተም እኩል አይቀበልም። በፊደል ተራ እንሙላው አልኩ፤ ሐዋሳ ቀደመችና ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ። በርቀት እንደርድረው አልኩ፤ አቶ ገመቹ ሳቁብኝ። «ኪሎ ሜትር እኮ የወረቀት ነገር ነው፤ መንገድ የሚለካው በጎማ ነው» ብለው እስከ የትኛው ከተማ ድረስ ስንት ጎማ እንደሚፈነዳ ማስረዳት ጀመሩ፤ በዚህ ስሌት ቅርብ የሆነው አርባ ምንጭ ነው። እኔ በተፈጥሮዬ ሰው ሲበዛ ዝም ነው የምለው፤ ሐሳቤ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሳህን ሳጥብ ነው።

ምርጫው ሊዘጋ ሲቃረብ ቦንቱ «እትዬ፣ ነፋስ እንቀበል» አለችኝ። በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አቅጣጫ ወጣን። እኔ በየመታጠፊያው ቆሜ ዛፍ የማደንቅ እየመሰልኩ ተነፈስኩ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከላይ ሆነን ከተማውን አየነው፤ መብራቱ ከየካ ጀምሮ እስከ ማዶ ተዘርግቷል። እኔ «እንዴት ያምራል» አልኩ።

«አዎ» አለች፤ ወደ ታች ግን አላየችም። «አሁን ቀና ይበሉ። ስንት ይታይዎታል?»

ቀና አልኩ። ጥቂት ታየኝ። ከጥቂቱ አንዱ አውሮፕላን ነበር።

«መብራቱ ሽቅብ ወጥቶ ሰማዩን ያነጣዋል» አለች። «እኔ የማውቀው ሰማይ የእርስዎ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን ነው። በዓይኔ አላየሁትም።»

«አዲስ አበባ'ኮ መምህራኑ አሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አለ። ቤትሽም አለ» አልኩ። ቤቴም አለ ለማለት ነበር፤ አላልኩም። ከአጥር ማዶ መጽሐፍ የሚዋስ ሌላ ሰው የለኝም።

«የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ የትም አንድ ነው እትዬ፤ ሮቤም ትምህርት ክፍሉ እንዳለ አይቻለሁ። ማስተርሴን አዲስ አበባ እመጣለሁ። ሰማዩን ሳላይ ግን ምኑን ነው የማጠናው?» ከዚያ በጣም በትሕትና፣ እንደ አርታኢ፣ እንዲህ አለችኝ፤ «ዝርዝርዎ ጥሩ ነው። ሕልም ያሉት እና ዋስትና ያሉት ቦታ ተቀያይረው ነው እንጂ።»

ሰው የጻፍኩትን ሲያርመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ትክክል ነበረች፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል።

በመጨረሻው ቀን ማዶ ግቢ ውስጥ አዴ ዘይነባና ኦቦ ቱሉ በአቶ ገመቹ ዳኝነት ገና ሲከራከሩ ቦንቱ እኔ ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ሞላች። ሲስተሙ ተጨናንቆ ደጋግሞ አስወጣት፤ ደጋግማ ገባች። አንደኛ ሮቤን አደረገች። አዲስ አበባን ወደ ታች አወረደችው። ከኋላዋ ቆሜ የከተሞቹን አጻጻፍ አረምኩ፤ ሌላ ምንም አላልኩም።

«ለአባቴ እስክነግረው ድረስ አይንገሩብኝ» አለች። «ሮቤን አንደኛ አደረገች ብለው አዴ ዘይነባ ይቀየማሉ፤ አባቴ ደግሞ ከእሱ የሸሸሁ ይመስለዋል።»

ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ሥራ አይደለም። ቃል ገባሁ።

ምደባው ሲወጣ ሮቤ ሆነ። ይህን የሰማው ሰው ሁሉ የደረሰበት መደምደሚያ አንድ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ነው። የሚገርመው ሰላም ወረደ። ኮምፒውተር የማንም ዘመድ አይደለም፤ አያዳላም፣ አይሸመገልም። አዴ ዘይነባ ደውለው «እንግዲህ የአላህ ሥራ ነው» አሉ። ኦቦ ቱሉ በግ አረዱ አሉ። የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰፈሩ «እትዬ ያወጣችው ዝርዝር እኮ ነው፤ አንደኛ ያለችው ቀርቶ ስድስተኛው ደረሰ» እያለ አንሾካሸከ። የመድኃኒት ወረቀቶቹ ወደ ፋርማሲው ልጅ ዞሩ። ባለራጁ ሰውዬ በሌላ ጉልበቱ ራጅ በሬን አልፎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለሱቋ ደግሞ ስንዴው ያለ ሰርግ በመበላቱ ታዝባኛለች። እኔ ግን ቃሌን ጠበቅኩ፤ በዝምታዬም ትንሽ ትንሽ መኩራት ጀምሬ ነበር።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አቶ ገመቹ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«እትዬ፣ የልጅቷ ነገር ተገኘ።»

«ምኑ?»

«ቅያሪ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጁ አዲስ አበባ ደርሶታል፤ እናቱ ደግሞ ሮቤ ናት፣ አጠገቤ ይሁን ትላለች። ሁለቱን እናቀያይራቸዋለን። ሰው አናግሬያለሁ፤ ማመልከቻ ብቻ ነው የቀረን። የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ያምራል፤ እርስዎ ይጻፉልኝ። ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ።»

«ቦንቱስ ምን አለች?»

«አልነገርኳትም፤ በደስታ ልግደላት ብዬ ነው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ኮምፒውተሩ በደላት እትዬ። አይቻታለሁ፤ ስትስቅ ለእኔ ብላ ነው የምትስቀው። እዚያ ደግሞ ኦቦ ቱሉ ልጄ በጨለማ አታነብም ብለው የመብራት ምሰሶ ሊያስተክሉ ነው። በራቸው ላይ ትልቅ አምፖል፣ ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ። ማክሰኞ ይተከላል ይላሉ፤ ድካማቸው ያሳዝናል። ቢሆንም አዲስ አበባ ይሻላታል።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ቀኑን ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የምደባ ቅያሪን ይመለከታል» ብዬ ጻፍኩ፤ በማስመሪያም አሰመርኩበት። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። አንድም ሐሰት ጽፌ አላውቅም፤ በዚያ ላይ ያቺ ልጅ በአንድ ቀን ማመልከቻ ከሮቤ፣ በአንድ ቀን አምፖል ከሰማዩ ልትነጠል ነው።

«አቶ ገመቹ፣ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም» አልኩ።

«እንዴት?»

«አንደኛ ብላ የሞላችው ሮቤን ነው። እዚህ ማድ ቤት፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ። እኔም አጠገቧ ነበርኩ።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ።

«ብርዱን ወዳ ነው?»

«ጨለማውን ወዳ ነው።» ከዚያ በዕድሜዬ ተናግሬ የማላውቀውን ያህል ተናገርኩ። ስለ ከተማው መብራት፣ ስለ ሰማዩ መንጣት፣ ስለ አህያዋ፣ እንጦጦ ላይ ቀና ብዬ ስላየሁት አውሮፕላን ጭምር። ከእርስዎ መሸሿ እንዳልሆነ፣ እንዳይቀየሙባት ብላ ዝም እንዳለች፣ ዝም ማለቱን ደግሞ ከእኔ እንደተማረችው።

አቶ ገመቹ መነጽራቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔ'ኮ» አሉ፤ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሳይመሽብኝ ልግባ እያልኩ ነው የነዳሁት። ልጄን ያስተማርኳትም ከጨለማ እንድትወጣ ብዬ ነው።»

«ወጥታለች እኮ። አሁን ልታየው ነው የምትሄደው።»

«ጨለማው ያስተምራታል?»

«ያስተምራታል ትላለች። እኔም አምናታለሁ።»

ማመልከቻዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ፤ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። መቀየማቸውንና አለመቀየማቸውን ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም፤ ሰው እንደ ማቀዝቀዣ መመሪያ የለውም። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረዘመ፤ በጎቹም ዝናቡም ደኅና መሆናቸው ተረጋገጠ።

«ኦቦ፣ ያ የመብራት ምሰሶ ይቅር» አሉ። «አይ፣ ተቀይመን አይደለም . . . አይ፣ ትመጣለች፤ እኔው በመኪናዬ አመጣታለሁ . . . ኧረ የገንዘብም ጉዳይ አይደለም።» ቀና ብለው አዩኝ፤ ቃል ፈልገው ነበር። ራሳቸው አገኙት።

«ልጅቷ መብራት አይስማማትም ኦቦ። አዎ . . . አዎ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው።»